ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው እንጨቶች

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ገና ዳዴ ስትል ጀምሮ እናቷ በቀን መቶ ጊዜ «እረፊ፣ አንቺ ልጅ እረፊ» ስትላት የሰማ ሰፈርተኛ ስሟ መሰለውና እሱም እረፊ አላት፤ እሷም አቤት ማለት ለመደች። ይኸው ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞላት፣ ሁለት ሴት ልጆች ዳረች፣ ጠጉሯ ገብስማ ሆነ፣ ዛሬም እረፊ ናት። ማረፍ ግን ከየት መጥቶ። ሻይዋን የምትጠጣው ቆማ ነው። ሰው ቤት ገብታ ወንበር ሲሳብላት «ተቀምጫለሁ፣ አትቸገሩ» ትላለች፣ እንደቆመች። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ተራ ስትጠብቅ የግቢውን የአበባ መደብ ከዳር እስከ ዳር ኮትኩታ ጨርሳ፣ ስሟ ሲጠራ እስከ ክርኗ አፈር ለብሳ ነው ሐኪሙ ፊት የቀረበችው። ሐኪሙ ምንሽን ነው የሚያምሽ ሲላት ለምን እንደመጣች ረስታዋለች።

አማቷ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ምላሳቸው ግን ገና ያላረጀ ሴት ናቸው። በረንዳው ላይ ካለው ወንበራቸው ሆነው ወዲያ ወዲህ ስትል ያይዋታል። «እኔስ እሷን ሳይ ይደክመኛል» ይላሉ። «ልጄ ሚስት አገባ ሲሉኝ እልል አልኩ፤ ለካ ያገባው ነፋስ ነው።» ልጃቸው፣ የእረፊ ባል ማለት ነው፣ የአካፋና የመጥረቢያ እጀታ እየጠረበ የሚኖር ሰው ነው፤ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ያወራ ይመስለዋል። ስለዚህ ለእናቱም መልስ አይሰጥም።

መቼም እንዲህ ያለች ሴት ለእርሻ እንጂ ለሌላ አልተፈጠረችም። እርሻ ማለት የዘሩትን ያልተጠራ እንግዳ እንዳይበላው ሲሟገቱ መክረም ነው፤ እሷ ደግሞ ሙግት ትወዳለች። ጎተራዋ የቆመበትን አራት እግር በቆርቆሮ አልብሳ አይጥን ከታች አስቀርታዋለች። ለወፍ ደግሞ ከአሮጌ ካሴት የተመዘዘ ክር ማሳው ዳር ወጥራለች፤ ነፋስ ሲመታው ያፏጫል። ድንቹን ከሥር የሚጨርሰውን ፍልፈል የምትይዝበት ዘዴ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ፍልፈል ጉድጓዱ ውስጥ ነፋስ ሲገባበት አይወድም፤ አፉን ከከፈቱበት ሊደፍነው መምጣቱ አይቀርም። ያኔ አካፋውን ከኋላው ሰክቶ መመለሻውን መዝጋት ነው። ችግሩ እስኪመጣ ድረስ አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ትንፋሽ ውጦ መቆም ያስፈልጋል። እሷ ሁለት ደቂቃ ከቆመች እግሯ መሬቱን መደብደብ ይጀምራል፣ ፍልፈሉም ይሰማል። ስለዚህ ጉድጓዱን እሷ ትከፍታለች፣ ባሏ ቆሞ ይጠብቃል። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ያለ ጭቅጭቅ የተስማሙበት ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ዋናው ጠላቷ ግን ሲናር ነው። ሲናር ስንዴ መሃል ተሸሽጎ የሚበቅል አረም ነው። በቡቃያነቱ ቁርጥ ስንዴ ነው፤ ሲያድግ ከስንዴው በላይ አንገቱን ያወጣል፣ ከስንዴው ቀድሞ ፍሬውን ያራግፋል፣ ማጭድ ሲደርስ እሱ የከርሞውን ዘርቶ ጨርሷል። ሌላው ገበሬ የሚያውቀው አንገቱን ሲያወጣ ነው። እረፊ ግን ጣት በምታክል ቁመቱ ትለየዋለች። ቅጠሉ ከአገዳው በሚገናኝበት ቦታ ስንዴ ሁለት ትናንሽ ጆሮ የመሰሉ ነገሮች አሉት፣ አገዳውን እቅፍ ያደርጉታል። ሲናር ይህ የለውም። «ጆሮ የሌለውን ንቀሉ» ብላ ነው ልጆቿን ያስተማረቻቸው። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ዳብሳ ስትለይ ያዩ አሉ። በቡቃያው ያመለጣትን ደግሞ ፍሬ ሲይዝ ትመለስበታለች።

የነቀለችውንም አትጥልም። መጣል የሚባል ነገር አታውቅም። ሲናሩ ክንድ ሙሉ እየታቀፈ ወደ ላሚቱ ይሄዳል። ላሚቱ ሲናር ስትበላ ወተቷ ይበረክታል። እበቷ በረቱ ጥግ ይከመራል፣ በዘር ወቅት በእጅ ጋሪ ተጭኖ ወደ ማሳው ይመለሳል። «እኔ ቤት ወድቆ የሚቀር ነገር የለም» ትላለች ደረቷን ነፍታ። እውነቷን ነበር።

ነገሩ የተነሳው ከዘር ማህበሩ ነው። አሥራ ሁለት ጎረቤታሞች ጎን ለጎን የሆነ መሬት ከመንደሩ አስተዳደር ተቀብለው፣ የሚበላ ሳይሆን የሚዘራ ስንዴ ያመርታሉ። ዘር የሚሆን ስንዴ ክብሩም ጥቅሙም ሌላ ነው፤ ጣጣውም ሌላ ነው። አጨዳ ሳይደርስ የዘር ተቆጣጣሪ መጥታ ማሳውን ትዞራለች፣ ሲናር ካገኘች ሁሉም ለዘር አይሆንም ተብሎ ይወድቃል። አንዱ ባጠፋ አሥራ ሁለቱ ይቀጣሉ። አምና ወደቀ። ሲናሩ የተገኘው እረፊና ዋርሳዋ በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ ነበር፣ በሁለቱም በኩል።

ዋርሳዋ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። እሷ ስታገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ገላውን ያጠበችው እሷ፣ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ፣ ጎጆ ሲወጣ ግድግዳውን የመረገችለት እሷ ናት። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ሆኖም እትዬ ነው የሚላት። የዚህ ሰው ጠባይ ግን ከእሷ ጋር ሰማይና ምድር ነው። ነገን የሚወድ ሰው ነው። አጥሩ ሲወድቅ ነገ፣ ጣራው ሲያፈስ ነገ፣ የበሩ ማጠፊያ ሲነቀል ነገ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲላት «ያንተው እንቁላልስ አርጅቶም አልተነሳ» ትለዋለች። እንግዲህ ሲናር ከዚህ ሰው ማሳ ካልመጣ ከማን ሊመጣ ነው? እረፊ ለአንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠረችም።

አምና ማሳው እንደወደቀ በተጠራው ስብሰባ ላይ ተነስታ፣ ተነስታ ማለት እንኳ አያስፈልግም፣ ቆማ ነበር፣ አንድ ደንብ ይውጣልን አለች። «ሲናር ያመጣብን ሰው ይውጣ። መሬቱንም ተራ ለሚጠብቀው ያስረክብ።» ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ሰው ሲቆጣ መነጽሩን ይወለውላል። መነጽሩን ወለወለና እጅ አስቆጠረ። አሥራ ሁለቱም አወጡ። ዋርሳዋም አወጣ። ከዚያች ማሳ በቀር መሬት የሌለው ሰው፣ ወደ እሷ ሳያይ፣ እጁን ቀስ ብሎ አወጣ።

ዘንድሮ ደግሞ ስሙን ጠርታ ከሰሰችው። ሊቀመንበሩ «በአፍ ብቻ ሰው አይፈረድበትም፣ አሳዪን» አላት። እሺ አለች። ባሏን ሁለት መቶ ትንንሽ እንጨት አስጠረበችው። ያረጀ ቀይ አንሶላ ቀድዳ በየእንጨቱ ጫፍ አሰረች። ከዚያ በኋላ አንድ ሲናር ስትነቅል አንድ እንጨት በነቀለችበት ትተክላለች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ተቆጣጣሪዋ ሐሙስ ትመጣለች፤ እንጨቶቹ ወደ ዋርሳዋ ድንበር እየበዙ ሲሄዱ ሊቀመንበሩም ተቆጣጣሪዋም በዓይናቸው ያያሉ፤ ያኔ ማስረጃ አምጪ የሚላት የለም። ሥራው ወር ፈጀ። ልቧ ግን በዚያ ወር አንድ ቀን አልረጋም። ማታ ማታ ያሳደግኩት ልጅ ነው ትላለች፣ ጠዋት ደግሞ ሲናር ሲናር ነው ብላ ትወጣለች። የዋርሳዋ ትንሿ ልጅ አጥር ላይ ሆና እጇን ስታውለበልብላት ያላየች ትመስላለች። ያን ሰሞን ያላየች መስላ የምታልፈው ነገር በዝቶ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። ሁለት መቶውም እንጨት ተተክሏል። ማሳው ከቤቷ ጀርባ ቁልቁል ስለሆነ ከላይ ሆና ልታየው ፈለገች፤ መሰላሉን ጎተራው ላይ አስደግፋ ወጣች። ባሏ ከታች መሰላሉን ያዘላት። የሚወድቀው መሰላሉ ይሁን ሚስቱ አይታወቅም ብሎ ነው።

አየች። ቀዩ ጨርቅ ወደ ድንበሩ እየበዛ ይሄዳል፣ ልክ እንዳለችው ነው። ፊቷ ሊፈታ ሲል ግን ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ቆመ። እንጨቶቹ እንደዘበት የተበተኑ አልነበሩም። አንድ ቦታ ተሰብስበው፣ ባዶ ይሆንና፣ ደግሞ ተሰብስበው፣ ደግሞ ባዶ፣ እንዲህ እያሉ ረድፍ ይዘው ከላይ እስከ ታች ይወርዳሉ። ጎን ያለውም ረድፍ እንደዚያው ነው። ነፋስ ያመጣው ዘር በረድፍ አይቆምም። ጎርፍ ያመጣውም አይቆምም።

«ምን አየሽ?» አላት ባሏ።

ወረደች፣ ስንዴውን እየከፈለች ማሳው ውስጥ ገባች፣ ከመጀመሪያው የእንጨት ክምችት ተነስታ ወደ ሁለተኛው ተራመደች። ሰባት እርምጃ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሰባት። ወደ አራተኛው ሰባት። ይህን ቁጥር እግሯ ከጭንቅላቷ ቀድሞ አወቀው። በዘር ሰሞን ጋሪውን እየገፋች ፍግ የምትደፋው በየሰባት እርምጃው ነው፤ ከደፋች በኋላ በአካፋ ትበትነዋለች፤ ክምሩ የወረደበት ቦታ ግን ምንም ቢበተን ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ወደ ድንበሩ ሄደች። እዚያ አራት እርምጃ ነው። ድንበሩ ላይ አፈሩ ነጣ ያለ ስለሆነ ፍግ ደረብ አድርጋ፣ በየአራት እርምጃው ነበር የደፋችው።

ስንዴው መሃል ቆማ ቀረች። ከዚያ እየሮጠች ወደ በረቱ ሄደች። ላሚቱ ጠዋት የሰጠቻትን ሲናር ተረጋግታ ታመነዥጋለች። ከክምሩ ሥር የከረመ እበት አነሳች፣ ባልዲ ውስጥ በውኃ አፈረሰችው፣ ቤት ገብታ ወንፊት ይዛ ወጣች፣ አጣራችው። ወንፊቱ ላይ ከቀረው ጉድፍ መሃል ጥቁር፣ ጸጉራም፣ ጭራው የተቆለመመ ፍሬ አገኘች። አንድ፣ ሦስት፣ ስምንት። ላሚቱ ስትፈጭ ያልተፈጩ፣ ሆዷ ውስጥ ያልሞቱ። አንዱ እንዲያውም ነጭ ሥር አውጥቷል።

«ወንፊቱ የዱቄት ነው» አለ ባሏ ከኋላዋ።

«እየው» አለች።

ጎንበስ ብሎ አየ። ፍሬውን በጣቱ አገላበጠ። ሲናር መሆኑን ለመለየት ጆሮ መቁጠር አላስፈለገውም።

«እኔ ነኝ የዘራሁት» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ እጄ ነቅዬ፣ በዚህ እጄ ዘርቼ።» «ቸኩዬ ነው። በቡቃያው ያመለጠኝን ፍሬ ሳይዝ መልቀም ሲገባኝ ሌላ ሥራ አለብኝ እያልኩ፣ አንገቱን ሲያወጣ እነቅለዋለሁ እያልኩ፣ ከነፍሬው ለላሚቱ።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሷ እንኳ አፍሳ የለቀመችውን መልሳ ነበር የምታፈሰው። ባሏ ግን ይህን አላላትም፤ ወንፊቱን ተቀብሎ ሊያጥበው ሄደ።

ከዚያ ያደረገችውን ልንገራችሁ፣ ባልነግራችሁም ደስ ባለኝ። ወደ ማሳው ተመልሳ እንጨቶቹን መንቀል ጀመረች። ሁሉንም አይደለም። መሃል ያሉትን ብቻ። መሃሉ ከጸዳ የሚቀረው ድንበሩ ነው፤ ድንበሩ ላይ የቆመ ቀይ ጨርቅ ደግሞ ወደ ማን እንደሚያመለክት ማንም ያውቀዋል። ደንቡ የማንንም ስም አይጠራም፤ ሲናር ያመጣ ይውጣ ነው የሚለው። ወይ ዋርሳዋ ይወጣል፣ ወይ እሷ ትወጣለች። ያንን መሬት ከድንጋይ ለይታ፣ ሰርዶውን በጣቷ መዝዛ መሬት ያደረገችው እሷ ናት። እጇ እየፈጠነ፣ አርባ ያህል ነቅላ ታቅፋ ወደ ቤት ስትመለስ አማቷ በረንዳው ላይ ነበሩ።

«ነገ ነው አይደል?» አሏት።

«ነገ ነው፣ እማማ።»

«ልጄን ልታስወጪው።»

እረፊ እንጨቶቹን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። አሮጊቷ ያንን ለዛ ያለውን ምላሳቸውን ዛሬ የት እንዳስቀመጡት እንጃ፣ ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «እኔ አልፈርድም። ጥፋት ካለበት ይውጣ። እኔ የወለድኩት እንጂ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። ጠባዩን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈችው ባሏ ይናገር፤ እሱ ግን አይናገርም። ጎህ ሲቀድ አርባውን እንጨት ታቅፋ ወጣች። ቀዳዳዎቹ እንዳሉ ነበሩ። አንድ በአንድ መልሳ ሰካቻቸው።

ተቆጣጣሪዋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ረጅም ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ከሽቦ የተሠራ አራት ማዕዘን ነገር በክንዷ ያንጠለጠለች ወጣት ናት። ያንን ሽቦ ስንዴው ላይ ትጥለውና ውስጡ ያለውን ትቆጥራለች። ሊቀመንበሩ አብሯት ነበር፣ ከማህበሩም አምስት ስድስት ሰው። ዋርሳዋ ከሁሉም ኋላ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ወንድሙ አጠገብ ቆሟል። እረፊ ማሳው አፍ ላይ ቆማ በእግሯ መሬቱን ትደበድባለች።

ሊቀመንበሩ ቀዩን ጨርቅ አይቶ መነጽሩን አወለቀ። ወለወለው፣ መልሶ አደረገው። «እረፊ ጠንቃቃ ሴት ናት» አለ ለተቆጣጣሪዋ። «አንድ ሲናር አንድ እንጨት ነው። እንግዲህ ይኸው እንደምናየው ወደዚያኛው ድንበር እየበዛ ነው የሚሄደው። ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል።» ወደ ዋርሳዋ ዞረና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «በል እንግዲህ የምትለው ካለህ።»

ዋርሳዋ ትከሻውን ሰበቀ። «ምን እላለሁ» አለ።

እረፊ ያን ጊዜ ዝም ማለት ትችል ነበር። ዝም ማለት ለሌላው ሰው እንዴት ቀላል እንደሆነ ስታየው ኖራለች፣ ለእሷም አንዲት ደቂቃ ያህል ቀላል ሆነላት።

«እርምጃውን ቁጠሩት» አለች።

«ምኑን?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ከእንጨት እስከ እንጨት። መሃል ላይ ሰባት ነው፣ ድንበር ላይ አራት ነው። ፍግ የደፋሁባቸው ቦታዎች ናቸው። ሲናሩን ለላሚቱ እሰጣለሁ፣ ፍሬው ከእበቷ ጋር ይወጣል፣ እኔ መልሼ እዘራዋለሁ። ትናንት በወንፊት አጥልዬ አይቼዋለሁ።» ትንፋሿን ሳበች። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔ ነኝ። እሱ ምንም አላመጣም። ትናንት እንዲያውም መሃል ያሉትን ነቅዬ ነበር፣ እሱ ላይ እንዲያስፈርዱ። ጠዋት ነው የመለስኳቸው።»

ዳር ላይ የተወጠረው የካሴት ክር ያፏጫል። ተቆጣጣሪዋ ስንዴው ውስጥ ገብታ ተራመደች፤ ከንፈሯ ሲቆጥር ይታያል። ሽቦዋን ሁለት ሦስት ቦታ ጣለች፣ በዋርሳዋም በኩል ጣለች፣ ተመልሳ መጣች።

«ልክ ነዎት፣ እናቴ» አለች። «እበቱን ከምረው ውኃ እያጠጡ፣ እያገላበጡ ወራት ቢያቆዩት ኖሮ ሙቀቱ ፍሬውን ይገድለው ነበር። ጥሬውን ስለበተኑት ነው።» ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞራ ውሳኔዋን ተናገረች። ከእንጨት ያመለጠው ሲናር ገና አለ። የእረፊ ማሳ በሙሉ፣ ከዋርሳዋም በኩል ድንበሩን ይዞ አራት ሜትር፣ ዛሬውኑ በእሸትነቱ ታጭዶ ጉድጓድ ከተቀበረ፣ የተቀረውን ማሳ ታልፈዋለች። ካልታጨደ ሁሉም እንደ አምናው ይወድቃል።

ሊቀመንበሩ እረፊን አያት። «ደንቡም አለ» አለ በዝግታ። «ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ» አለች። «መሬቱን አጽድቼ አስረክባለሁ።» ይህን ብላ ማጭድ ልታመጣ ሄደች። ሰው ፊት አላለቀሰችም።

የራስን ስንዴ በእሸቱ ማጨድ ምን እንደሚመስል ያላጨደ አያውቀውም። ፍሬው ገና ወተት ነው፤ ሲቆረጥ ጣት ላይ ይጣበቃል። እረፊ ከላይ ጀመረች፣ ባሏ ከታች ጉድጓዱን ይቆፍራል። ቀና አላለችም። ቀይ ጨርቅ ስትደርስ እንጨቱን ትነቅላለች፣ ወደ ጎን ትጥላለች፣ ታጭዳለች። ብዙም ሳትሄድ ከጎኗ ሌላ ማጭድ ሰማች። ዋርሳዋ ነው። የራሱን አራት ሜትር ትቶ የእሷን ያጭዳል። ያ አጥሩን ለመጠገን ሁለት ክረምት የፈጀ ሰው፣ ማጭዱን ሳይስል፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሰው ሳይጠራው መጥቷል።

«ያንተን እጨድ» አለችው።

«ይደርሳል።»

ጥቂት ጊዜ አጨዱ። ከእሷ እኩል እየሄደ ነበር፤ ይህም ያልታየ ነገር ነው።

«ትናንት እንደዚያ አድርጌ ነበር» አለች ሳታየው። «እውነቴን ነው የተናገርኩት። ላስወጣህ ነበር።»

«ሰማሁ እኮ፣ እትዬ።»

«አትቆጣም?»

ዋርሳዋ ያጨደውን እንደ ነዶ ሰብስቦ አስቀመጠ። «እኔ አምና ነው ያወቅኩት» አለ።

«ምኑን ነው ያወቅከው?»

«ፍጉን። ባለቤቴ ታማ የተኛች ጊዜ ሠላሳ ጋሪ ፍግ አምጥተሽ በትነሽልን አልነበር? ድንበሩ ላይ፣ አራት ሜትር ያህል፤ ከዚያ ወዲያ ሳትሄጂ የቀረውን ራሴ እጨርሰዋለሁ ብዬ ከለከልኩሽ። ሲናር የሚወጣብኝ እዚያች ላይ ብቻ ነው። ከዚያች አንድ ስንዝር ወዲያ የለም። ያኔ ገባኝ።»

ማጭዷ ተንጠልጥሎ ቀረ። «እና ዝም አልክ? ያን ደንብ ሳወጣ? እጅህን አውጥተሃል እኮ አንተ ሰው።»

«ነገ እነግራታለሁ እያልኩ» አለ። ፈገግ ለማለት ሞከረና አልሆነለትም። ማጭዱን አንድ ሁለቴ አገላበጠው። «ስጦታ ነበር፣ እትዬ። ያን ሰሞን መዳፍሽ ተልጦ፣ የጋሪውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልለሽ ነው የገፋሽው። እኔ ሚስቴ ትሙት ትዳን ሳላውቅ አልጋዋ ሥር ተቀምጬ በመስኮት አይሻለሁ። ሠላሳ ጊዜ ስትመላለሺ። ሲናር አለበት ብዬ እንዴት ልበልሽ?»

ይህን ብሎ ወደ ማጨዱ ተመለሰ።

በረንዳው ላይ አሮጊቷ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው ወደ ማሳው ሲያዩ ቆዩ። የአጨዳውን ነገር ጠዋት ሰምተዋል። አሁን ያዩት ግን ሌላ ነበር። ውኃ ሊጠጣ ወደ ቤት የመጣውን ትልቁን ልጃቸውን ጠሩት።

«አንተ፣ ሂድ እስቲ እያት» አሉት። «ሚስትህ ተቀምጣለች።»

«የት?»

«ድንበሩ ላይ፣ መሬት ላይ። እኔ እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም። አሟታል እንዴ?»

ሰውዬው የውኃውን ጣሳ አስቀምጦ ቁልቁል ወረደ። ሲደርስ ሚስቱ ታጭዶ በቀረው የስንዴ አገዳ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጥላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። እጇ ምንም አይሠራም። ወንድሙ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ የእሷን ትልም ያጭድላታል። ባሏ ትንሽ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ወደ በረንዳው ዞሮ፣ ከቆመበት ሆኖ፣ ለእናቱ ደህና ናት ብሎ በእጁ አሳያቸውና አጠገቧ ተቀመጠ።